የታላቂቱ ፈቃድ

«ትልቋን አልሰጥም» አለች እናቷ። «ትልቋ ከሄደች እኔን ማን ያነሳኛል? ስፌቱንስ ማን ይሰፋል? ትንሿን ይውሰድ።»

ሮዳ ይህን ስትሰማ ግቢ ውስጥ ከሰል ላይ የጣደችውን የፍየል ሥጋ ሩዝ እያማሰለች ነበር። ሰማዩ ገና መቅላት መጀመሩ ነው። መብራት ከጠፋ ቆይቷል፤ በሐምሌ ጅቡቲ ላይ መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም፣ ሰው ሁሉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ እንደ ገበያ በግ ጎን ለጎን ይጋደማል። እናቷ ሞሚና ግን ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ማንሳትና ማውረዱ ስለሚያማት በዚያች የቆርቆሮ ክፍሏ ውስጥ ላብ በላብ ሆና ታድራለች። አጎታቸው ኤልሚ ከሱብሂ ሶላት መልስ በቀጥታ መጥቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ የሟች አባታቸው ወንድም ስለሆነ የሴቶቹን የጋብቻ ጉዳይ የሚጨርሰው እሱ ነው። ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ቆርቆሮ ግን ገመና አይሸፍንም፤ ምድጃው ደግሞ የተተከለው ልክ ከግድግዳው ሥር ነው።

አጎቷ ሰውዬው እሺ ብሎ እንደሆነ ጠየቀ። እሺ ብሏል፣ ትንሿን ይወስዳል አለች እናቷ። አጎቷ ግን፣ ታላቅ ቁጭ ብላ ታናሽ ስትዳር የታላቂቱ ፈቃድ በሽማግሌ ፊት እንደሚጠየቅ፣ ሽማግሌው ሐጂ ጃማም ይህን ከራሷ አንደበት ሳይሰሙ ቃሉን የሚያስረውን ፋቲሃ እንደማይቀሩ አስታወሳት።

«ሮዳ?» አለች እናቷ። «ሮዳ ደግሞ መቼ እምቢ ብላ ታውቃለች?»

አጎቷ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እውነትሽን ነው እንደማለት ያለ አጭር ሳቅ ነበር። ከእናቷ ቃል ይልቅ የሮዳን አንጀት የቆረጠው ያ ሳቅ ነው። ማማሰያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ የነቃችው ሩዙ ሥር ሥሩን መያዝ ጀምሮ ሽታው አፍንጫዋን ሲመታት ነበር።

ሰውዬው ሮብሌ ነው፤ የእህታቸው የሐስና ባል። ሐስና ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ከሞተች ዓመት አልፏታል። ሚስት ስትሞት እህቷን በምትኳ መስጠት፣ ልጆቹ የባዕድ ሴት እጅ እንዳይወድቁ ተብሎ ከአያት የመጣ ወግ ነው፤ ማንም አይደነቅበትም። ሰፈሩ ሁሉ ትሰጣለች ብሎ የሚጠብቀው ሮዳን ነበር። ራሷም ትጠብቅ ነበር፣ ከአፏ ባይወጣም። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሙሽራ ድርያ የሚሉትን ሰፊ ቀሚስ ስትሰፋ ትውልና አመሻሽ ላይ ሮብሌ ቤት ሄዳ ልጆቹን ታጥባለች፣ ራታቸውን ታበላለች፣ እሱ ከወደብ ሳይመለስ ትወጣለች፤ ነውር እንዳይሆን። አንዳንዴ ግን ትዘገያለች። ያኔ ሮብሌ በሩ ላይ ይቆምና «ደከምሽ» ይላታል። እሷም «ኧረ አልደከምኩም» ትላለች። ይኸው ነው፤ ሌላ የለም። በዚያች «ደከምሽ» በምትባል ቃል ላይ ግን ሮዳ ጓዳና ሳሎን ያለው ቤት ሠርታባታለች። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላት፣ ፈላጊ ከራቃት የከረመች ሴት በትንሽ እንጨት ብዙ ቤት ትሠራለች፤ የሚስቅ ካለ ይሳቅባት።

ድስቱን ከእሳቱ አወረደችና ከሰሉ ላይ ውኃ አፈሰሰች። እዚያው ቁጢጥ እንዳለች፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ለማለት ወሰነች። ሐጂ ጃማ ሲጠይቋት «አልፈቅድም» ትላለች። ታላቂቱ ካልፈቀደች ነገሩ ይቆማል፤ ነገሩ ከቆመ ደግሞ ለሮብሌ የምትቀረው እህት እሷ ብቻ ናት። እንደ ሌላው ሴት «እኔ እፈልገዋለሁ» ብላ አትናገርም፣ በሞቷ! «አልፈቅድም» ማለት ግን መብቷ ነው፤ ወጉ ራሱ ሰጥቷታል። ቃሉን በልቧ ደጋግማ ሞከረችው። ቀምሳው የማታውቀው ምግብ ሆነባት።

ሐጂ ጃማ የሮብሌ አጎት ናቸው። አስም ስላለባቸው ሙቀቱ ሲጀምር አርታ ተራራ ላይ ይወጡና ወቅቱ እስኪያልፍ ለቀብር እንኳን አይወርዱም፤ የሚፈልጋቸው እሱ ይውጣ ነው ነገሩ። ስለዚህ የዛሬው ጉዞ ሁለት ስም ነበረው። ለሽማግሌዎቹ የፋቲሃ ቀን ነው። ለልጆቹና ለትንሿ እህት ለኢፍራ ደግሞ፣ የከተማው ሰው ሁሉ በዚህ ወቅት እንደሚያደርገው፣ አርብን ነፋሻ ቦታ ውሎ መመለስ ነው። ባለሚኒባሱ አሥራ ሁለት ሺህ ፍራንክ ጠይቆ ነበር፤ አጎት ኤልሚ በረንዳው ላይ ሲጨቃጨቅ ቆይቶ ምሳውን ጨምሮ በዘጠኝ ሺህ አስማማው፤ ኋላ ሾፌሩ ሲበላ ሲያየው ግን የከሰረው እሱ እንደሆነ ገብቶታል። በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ ተጫነ፣ ዳቦው ተጫነ፣ ሁለት ድስት ሩዝ፣ የሻይ ፔርሙስ፣ የእናትየው ፍራሽ ተጫነ። ኤልሚ የጨነቀው ሌላ ነበር። ጫቱ ከኢትዮጵያ ወደ ከተማው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፤ ከዚያ ተራራው ላይ እስኪደርስ ይጠወልግ ይሆን? ለአንድ ታክሲ ነጂ ገንዘብ ሰጥቶ፣ በልጆቹ አስምሎ፣ እርጥብ ጨርቅ ራሱ አቀብሎት ነው ልቡ ትንሽ የተረጋጋው። ጫት ያልተቀመጠበት ሽምግልና ሽምግልና አይደለም ይላል።

ኢፍራ ሮዳ የሰፋችላትን ቢጫ ድርያ ለብሳ፣ ሽቶ ተቀብታ፣ ስልኳን ይዛ ብቅ አለች። ሃያ ዓመቷ ነው። የነርስ ትምህርት ቤት መስከረም ላይ እንደሚቀበላት ከሰማች ሳምንት አልሞላትም፤ ወሬውን ለእያንዳንዱ ጎረቤት ሁለት ሁለት ጊዜ ነግራለች። ዘላ መስኮቱ ዳር ተቀመጠችና ማንጎራጎር ጀመረች። ከሩዙ ጋር እሷም ተጭና እየሄደች መሆኑን አታውቅም። ሮዳ አየቻትና እነግራታለሁ አለች፤ ቆይታ ደግሞ ለምን ቀኗን አበላሽባታለሁ፣ እኔ እምቢ ስል በዚያው ያበቃል ብላ ተወችው። ከዚያ እናቷን ልታመጣ ገባች። ክንዷን ከብብቷ ሥር አሳልፋ አነሳቻት። «ቀስ፣ ቀስ በይ የኔ እናት» አለች ሞሚና፤ እስከ ሚኒባሱ ድረስ ግን የልጇን ፊት አላየችም።

መንገዱ ወደ ኢትዮጵያ በሚወጡና በሚወርዱ የጭነት መኪኖች ተጨናንቋል። ሐምሲን የሚሉት ነፋስ የአሸዋ ብናኝ ይዞ በመስኮቱ ይገባል፤ መስኮቱን ቢዘጉት ይታፈናሉ፣ ቢከፍቱት ይጠበሳሉ፣ በዚህ ላይ ኤልሚና ሾፌሩ አልተስማሙም። ትልቋ የሐስና ልጅ ሳግል ሮዳ ጭን ላይ፣ ትንሹ ኢድሪስ ደረቷ ላይ ተኝተው ላባቸው በላቧ ላይ ይወርዳል። ሮብሌ ፊት ወንበር ላይ ከሾፌሩ ጎን ነው። የወደብ ክሬን ሾፌር ነው፣ ከፍ ብሎ ብቻውን መዋል ስለለመደ ሰው መሀል ሲሆን ወሬ ያጥረዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮ የቀዘቀዘ የውኃ ጠርሙስ ወደ ኋላ አቀበለ። ኢፍራ እጇን ዘርግታ ነበር፤ እሱ አልፏት ለሮዳ ሰጠና «ለልጆቹ» አለ። ሮዳ ጠርሙሱን ተቀብላ ቶሎ አልከፈተችውም። ትንሿን የፈለገ ሰው ጠርሙሱን ለትንሿ ይሰጥ ነበር ብላ አሰበች፤ ሳግል ውኃ ጠምቷት እስክታለቅስ ድረስ በዚያው አሰበች።

ዋናውን መንገድ ትተው ወደ ተራራው ሲታጠፉ ነፋሱ ተለወጠ። መጀመሪያ ማንም አልተናገረም፤ ነገሩ እንዳይሰረቅባቸው የፈሩ ይመስል። ቀጥሎ ያለ ምክንያት ሁሉም መሳቅ ጀመሩ። ኤልሚ ከከተማው ሙቀት አመለጥን ማለታቸውን ሰምቶ፣ ማታ ተመልሰን እዚያው አይደል የምንገባው፣ አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል ይሄ ነው አለ። እናትየው እንኳን ሻሿን ላላ አድርጋ አልሐምዱሊላህ አለች፤ እጇንም ወደ ኋላ ልካ የኢፍራን ጉንጭ ዳበሰች። እናትየው በሰው ፊት ልጅ የምትዳብስ ሴት አይደለችም። ኢፍራ ገርሟት ወደ ሮዳ ዞራ ዓይኗን ጠቀሰች። ሮዳ በመስኮቱ ወደ ታች፣ ወደ ባሕሩ ተመለከተች።

የሐጂ ጃማ ቤት የድንጋይ ቤት ነው፤ በረንዳው ላይ ሲቆሙ ባሕረ ሰላጤው ሁሉ ከታች ይታያል። በግራ በቀኝ ከእያንዳንዱ ግራር ሥር ከከተማ የወጣ ቤተሰብ ምንጣፍ ዘርግቶ ሰፍሯል፤ ሬዲዮው፣ የሕፃኑ ለቅሶ፣ የድስት ክዳኑ ድምፅ ይቀላቀላል። ወንዶቹ በረንዳው ላይ፣ ሴቶቹ በጓሮ በኩል ሆነው ምሳ ተበላ። ሐጂ ጃማ ሩዙን አመስግነው ማን ሠራው ብለው ጠየቁ፤ እናትየው ሁለቱ ልጆቼ ናቸው ብላ ላከች። ከምሳ በኋላ ወሬው እንደ ደንቡ የኑሮ ውድነት ሆነ። የሐጂ ጃማ ሚስት ሐዋ የሥጋውን ዋጋ ጠየቀች፣ እናትየው ነገረቻት፣ ተወደደ ተባባሉ። የመብራት ክፍያውን ጠየቀች፣ ተነገራት፣ እሱም ተወዷል። በመካከሉ ሐዋ ኢፍራ ላይ ዓይኗን ጥላ ልክ እንደ ገዢ ታያት ጀመር። ቆየት ብላ ተነሥታ ገባችና ኢፍራን ወደ ጓዳ ጠራቻት።

ሮዳ ከቤቱ ጀርባ በርሜሉ አጠገብ ድስት ስታጥብ ኢፍራ መጣች። በእጇ ማሸጊያው ያልተቀደደ የሽቶ ጠርሙስ ይዛለች። ፊቷ እርድ መስሏል።

«ለሙሽራ ሳጥንሽ ነው አለችኝ» አለች። «ለሮብሌ ልትዳሪ ነው፣ ዛሬ ፋቲሃ ነው አለችኝ። አንቺ ታውቂ ነበር?»

ሮዳ ጠዋት መስማቷን ነገረቻት። ኢፍራ ለምን አልነገርሽኝም አላለችም፤ ለዚያ ጊዜ አልነበራትም። እርጥቡን የሮዳን እጅ ከነአረፋው ያዘችና የምትችለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። የሚጠየቀው የታላቂቱ ፈቃድ ነው፣ ሐዋ ነግራታለች፣ እሷ ብትጮህ ልጅ ናት ይለቃታል ይሏታል፣ ሮዳ ግን አንዲት ቃል ከተናገረች ነገሩ ያልቃል። ትምህርት ቤቱ እንዳያመልጣት፣ ደግሞስ ሐስና የሞተችበት አልጋ ላይ እንዴት ትተኛለች። ሮዳ ታደርገዋለች፣ ሮዳ እምቢ አትላትም፤ የትኛውን ነገር እምቢ ብላት ታውቃለች?

«እምቢ እላቸዋለሁ» አለቻት ሮዳ። «አይዞሽ። እላቸዋለሁ።»

ኢፍራ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያ እፎይ ስትል፣ ልጅ እፎይ ሲል እንደሚያደርገው፣ አፏ ተፈታ። «ደሞ እኮ እሱ ላንቺ ነው የሚሆነው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ለእኔ አባቴ ይሆናል። አንቺ ግን ከእንግዲህ ማን ይመጣልሻል? እንኳን እሱ ተገኘልሽ።» በክፋት አልነበረም። ፍቅር ያለበት ነገር መስሏት ነው የተናገረችው፤ ሽቶውን በርሜሉ ላይ ትታ ፊቷን ልትታጠብ ሄደች። ሮዳ ድስቱን መፈተግ ቀጠለች። የዘንድሮው ልጅ እውነትን ሳያኝክ ይተፋዋል ብላ ለመሳቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም።

ጫቱ ደረሰ። ጠውልጓል አልጠወለገም የሚለው ክርክር በረንዳው ላይ ካበቃ በኋላ ሻይ አምጡ ተባለና ሮዳ ትሪውን ይዛ ወጣች። ሮብሌ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ትሪውን ሊቀበላት ይመስላል፣ በረንዳው ጥግ ላይ አገኛት። ጫት አይቅምም፤ ጣቶቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ነበር። ሮዳ ትሪውን አልለቀቀችም። አሁን ይላል አለች በልቧ፤ የሚለውን ነገር ይላል።

«ሰምተሻል መሰለኝ» አለ ሮብሌ።

«ሰምቻለሁ።»

«ኢፍራ ገና ልጅ ናት።» ትሪውን እንጂ እሷን አያይም። «ልጆቹ ደግሞ ያላንቺ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እንደ በፊቱ አመሻሽ አመሻሽ ላይ ብቅ ትያለሽ አይደል?»

ሮዳ ሌላ ቃል ጠበቀች። ሻዩ ሊቀዘቅዝ ነው የሚል ድምፅ ከወንዶቹ መሀል እስኪመጣ ድረስ ጠበቀች። ሌላ ቃል የለም። «እመጣለሁ» አለች፤ ትሪውን ራሷ አሳልፋ ለእያንዳንዱ ሰው ብርጭቆ አደለች፣ ለሮብሌም ስኳሩን እንደሚወደው አብዝታ።

ወደ ጓሮ ተመለሰች። ነገሩ ይኼ ነዋ! ሚስትየዋ ወጣቷ ትሆናለች፣ ሞግዚቷ ደግሞ አሮጊቷ፤ ያውም ያለ ደሞዝ። ዓመት ሙሉ ታጥባ ያሳደገቻቸው ልጆች፣ ያቺ «ደከምሽ»፣ የጠዋቱ የውኃ ጠርሙስ፣ ሁሉም በራሷ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የነበረ ነገር ሆነ። አፈረች። ሰው ያላየባትን ኃጢአት ያወቁባት ያህል፣ ከጆሮዋ ጫፍ ጀምራ አፈረች። እፍረቷ ደግሞ ትንሽ እንደቆየ ወደ ንዴት ዞረ። በሮብሌ ላይ መናደድ አልቻለችም፣ ምን ብሏት ያውቃል? በእናቷ ላይ መናደድ አልለመደባትም። ማን ይመጣልሻል ያለችው ግን እዚያ በርሜሉ አጠገብ ቆማ ፀጉሯን ታስተካክላለች፤ ሃያ ዓመቷ ነው፣ ለሷ የሰጧትን ሰው አልፈልግም ለማለት የሚያስችል ፊት አላት፣ የጣለችውን ደግሞ ለእህቷ ትመርቃለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። ሮዳም ዳውላውን አገኘች።

ተጠራች። በረንዳው ደፍ ላይ ጫማዋን አውልቃ ቆመች። እናቷን አምጥተው ከግድግዳው ሥር በፍራሿ አስቀምጠዋታል። ከኋላዋ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ሐዋና ኢፍራ አሉ፤ የኢፍራ የአዲስ ልብስ ድምፅ ይሰማታል። ሐጂ ጃማ የቀኝ ጉንጫቸውን ጫት አወረዱና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ይህንንም ከልባቸው ነው የጠየቁት።

«ሮዳ ልጄ፣ ታናሽሽ ቀድማሽ ልትሄድ ነው። አንቺ ቅር እያለሽ የሚቀራ ፋቲሃ የለም። ቅር ካለሽ ተናገሪ፣ እንተወዋለን፤ አላህ ምስክሬ ነው፣ ማንም አይቆጣሽም። ምን ትያለሽ?»

አጎት ኤልሚ አዲስ ቀንበጥ ይመርጣል። እናትየው ዓይኗን ጨፍናለች። ሮብሌ ብቻ ቀና ብሎ አያት፤ በሙሉ ዓይኑ፣ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። ሮዳ ያን አስተያየት አደራሽን እንዳታበላሺብኝ ብላ ተረጎመችው።

«ፈቅጃለሁ» አለች። ድምፅዋ ራሷን ገረማት፤ ጥርት ያለ ነበር። በዚህ ብታቆም ደግ ነበር። አላቆመችም። «አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ቀኑ አይራቅ። ልጆቹ ተንከራተዋል፣ ቤቱ ሴት ያስፈልገዋል። ነሐሴ ሳያልቅ ይሁን።»

ሐጂ ጃማ ልጅቱ ትምህርት አለባት የተባለ መስሏቸው ነበርና ጠየቁ። ትምህርቱ ይደርሳል አለች ሮዳ፣ ሌላ ዓመት አለ። ሌላ ዓመት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ በረንዳ ላይ የማያውቅ አልነበረም። ኤልሚ እጁን ጭኑ ላይ መትቶ፣ ይህችን የወለደ አልሞተም አለ። እናትየው ዓይኗን ገልጣ ሮዳን አየቻት፤ የጠበቀችው እሺታን ነበር፣ ይህን ያህል ግን አልጠበቀችም፣ ትንሽ የደነገጠችም ትመስላለች። ፋቲሃው ተቀራ። ሐዋ እልል አለች። ከየግራሩ ሥር ያሉት የማያውቋቸው ሴቶችም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ እልልታውን ተቀበሉት።

ኢፍራ አልጮኸችም። መጋረጃውን ገልጣ ቆማ ነበር። ሮዳ በአጠገቧ ስታልፍ እጅጌዋን ያዝ አደረገችና «ለምን?» አለቻት፤ ድምፅዋ የሕፃን ነበር።

«ማንም ስለማይመጣልኝ» አለቻት ሮዳ፣ እጅጌዋንም ቀስ ብላ አስለቀቀች።

ለትንሽ ጊዜ ደስ አላት። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ሰው ነችና ደስ አላት። ዕቃ ስትሰበስብ፣ ፔርሙሱን ስትደፋ፣ የልጆቹን ጫማ ስትፈልግ ያ ደስታ አብሯት ቆየ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ግን እያነሰ እያነሰ ሄደና በቦታው የቀረው ኢፍራ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ያለቀሰችው እንባ ብቻ ሆነ። ነገ እክሳታለሁ፣ ከነሐሴ በፊት ሐጂን አናግራቸዋለሁ፣ ትምህርቱን ባልየውም አይከለክላትም፣ እያለች ለራሷ አወራች። ሁለተኛውን ድስት ይዛ በጓሮው በኩል ስትወጣ ሮብሌ ቆሞ ጠበቃት። ሌሎቹ ሚኒባሱ ዘንድ ናቸው። እናቷ በተከፈተው በር አጠገብ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ እጇን ከግንባሯ አስደግፋ ወደነሱ ታያለች፤ የሚሉትን መስማት አትችልም።

«አንድ ነገር ሳልናገር ብወርድ ይከነክነኛል» አለ ሮብሌ። አሁንም ጣቶቹን ያፍተለትላል። «ከሁለት ወር በፊት አክስቴን እናትሽ ዘንድ ልኬያት ነበር። ላንቺ ነበር የላክኋት። እናትሽ፣ ሮዳን ጠየቅኋት፣ እህቴ የሞተችበት ቤት ሚስት ሆኜ አልገባም አለችኝ፣ አሉ። ኢፍራን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። አልተቀየምኩም፤ ይከብዳል፣ ይገባኛል። ግን ማታ ማታ ልጆቹን ይዘሽ ሳይሽ እውነት ይህች ናት እንዲህ ያለችው እላለሁ። ዛሬም ሲጠይቁሽ፣ እምቢ ትይልኝ ይሆናል ብዬ ነበር።» ቀና አለ። «እውነት ብለሽ ነበር?»

ድስቱ ከበዳት። አላልኩም ማለት አንዲት ቃል ናት። ሐጂ ጃማ ገና በረንዳው ላይ ናቸው፤ ቅር ካለሽ እንተወዋለን ያሉት ሰው እዚያው ተቀምጠዋል። ቃሉን ብትናገር ኢፍራ ትፈታለች፣ እሷም የምትፈልገውን ታገኝ ይሆናል። ግን እናቷ በዚህ ዕድሜዋ፣ በዚያ ዳሌዋ፣ በሐጂ ጃማ ፊት ውሸታም ትባላለች። ሰውስ ምን ይላል? ፈቅጃለሁ ያለችው፣ ነሐሴን የወሰነችው፣ ይህን ያህል የተመሰገነችው ሴት፣ እልልታው ሳይበርድ የእህቷን ባል ተመኘች ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብለው ይስቁባታል። እናቷን ጠላቻት፤ በዕድሜዋ ሰው እንዲህ አድርጋ ጠልታ አታውቅም። ፍላጎቷም እንደዚያን ሰዓት ጎልቶባት አያውቅም። እፍረቷ ግን ከሁለቱም በለጠ።

«አዎ» አለች። «ብያለሁ።»

ሮብሌ ራሱን ነቀነቀ። የሆነ ነገር ከትከሻው የወረደ ይመስል ትከሻው ላላ። «እንግዲያው ልቤ አረፈ» አለና ድስቱን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ሚኒባሱ ቀደማት።

ሁሉም ገብተው ተደላድለዋል። ልጆቹ ተኝተዋል፣ እናትየውን ኤልሚና ሾፌሩ ተጋግዘው አስገብተዋታል። ከኢፍራ ጎን ካለው በቀር የቀረ መቀመጫ አልነበረም። ሮዳ ሄዳ እዚያ ተቀመጠች። ኢፍራ ልብሷን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላት፣ ፊቷንም ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ሙቀቱ ተመልሶ እስኪቀበላቸው፣ የከተማው መብራት እስኪታይ ድረስ አልመለሰችውም።